አሮጌ የአደን ጠመንጃ እጃችሁ ሲገባ፦ ከመጀመሪያው ጥይት በፊት ያለው ሥራ

አሮጌ የአደን ጠመንጃ ብቻውን አይመጣም። ከአባት ቢወረስ፣ ከአጎት ቢተላለፍ፣ ዕድሜው ከገፋ ባለፈቃድ ቢገዛ፣ ወሬው አብሮት ይመጣል። «ንጹሕ የጀርመን ነው።» «በዚህ አያትህ አርሲ ተራራ ላይ ስንቱን ጥሎበታል።» «የቤልጅግ ጥይት ይበላል፣ ችግር የለውም።» ወሬው ደስ ይላል፤ ቡና ላይ ሲወራማ ጊዜውን ይገፋል። ጠመንጃውን ለመተኮስ ግን አይበቃም።

እኔ የማምንበት ነገር ይሄ ነው፦ አሮጌ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት ይነበባል። ብረቱ ላይ የተመታው ምልክት ከሰው አፍ ከወጣው ቃል ይበልጣል። ምልክቱና ወሬው ካልተስማሙ ብረቱን እመኑ። ንባቡ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ይውሰድ። ሰማንያ ዘጠና ዓመት የቆየ ዕቃ ሌላ አንድ ወር ቢጠብቅ አይሞትም።

አዳማ ላለን ሰዎች አንድ የሚመች ነገር አለ። ከተማችን የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት። ጋራዡ ብዙ ነው፤ ቶርኖ ቤቱም እንደዚያው። ስለዚህ ስስ ውፍረት የሚለካ ጥሩ ማይክሮሜትርና እሱን ማንበብ የሚችል እጅ ሩቅ አይደለም። የማይመቸው አቧራው ነው። ስለ እሱ ዘይት ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንስማማ። ከዚህ በታች ቃታ የምለው እጀታ ያለውን፣ ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት ሲገፋ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት ነው። ምላጭ የምለው ጣት የሚያርፍበትን ነው። ጉሮሮ ደግሞ ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል ነው። ቀለህ ባሩዱን የያዘው የጥይቱ ቅርፊት ነው፤ የጥይት እርሳስ ስል ደግሞ በአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ ነው። ሰዉ እጀታ ያለውን ብረትም ምላጩንም «ቃታ» ስለሚል፣ በስልክ ምክር ስትጠይቁ የቱን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ።

መጀመሪያ ወረቀቱ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ቀልድ አይደለም። «የአባቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የሟች ፈቃድም ለልጅ አይሠራም። በውርስ የመጣ ከሆነ ጠመንጃውን ከቤት ሳታወጡ በፊት ፖሊስ ጋር ሄዳችሁ ጠይቁ። መጠየቂያው ላይ ጠመንጃውን ይዛችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ የሟችን ሰነድና የራሳችሁን መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። እንዴትና በማን በኩል መቅረብ እንዳለበት እነሱ ይነግሯችኋል።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። አሮጌ ሰነድ በእጅ የተጻፈ ነው። 1 እና 7፣ 3 እና 8 ይምታታሉ። ፊደል ከቁጥሩ በፊት ወይም በኋላ ካለ እሱም የቁጥሩ አካል ነው። ይሄን ዛሬ ማስተካከል ኬላ ላይ ከማስረዳት ይቀላል።

ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም

ቁም ሳጥን ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ጠመንጃ ጎርሶ ሊገኝ ይችላል። ሌባ ሲፈራ የተጎረሰ፣ ከዚያ የተረሳ ጥይት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ፦

1. አፈሙዙን ሰው ወደሌለበትና ጥይት ሊያቆም ወደሚችል አቅጣጫ አዙሩ። ብሎኬት ግድግዳ አይታመንም፤ ከጀርባው ጎረቤት አለ። አፈር ወይም የአሸዋ ክምር ይሻላል።
2. ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ። እስከ መጨረሻው ድረስ እዚያ አይድረስ።
3. ቃታውን ከፍታችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳቡ። ከወጣ ጥይት ይውጣ።
4. ካዝናውን እዩ። አሮጌ የአደን ጠመንጃ ካዝናው አብዛኛውን ጊዜ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ተነቃይ አይደለም። ከሥሩ ያለው ክዳን የሚከፈት ከሆነ ክፈቱት።
5. በባትሪ ጉሮሮውን እዩ። ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። ዓይን ጨለማ ውስጥ ይሳሳታል፤ ጣት አይሳሳትም።

ቃታው አልከፈት ካለ አትታገሉት። በመዶሻ መምታት፣ በእግር መርገጥ የለም። ውስጡ ጥይት ያለ ጠመንጃ ነው ብላችሁ ቁጠሩትና ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ባለሙያ ተዉት። ጥይት ከተገኘበት ደግሞ ጥይቱን ከክፍሉ አውጡት። ከአሁን ጀምሮ ጠመንጃው በተቀመጠበት ክፍል ጥይት አይኑር፤ የምንሠራው ሥራ አንድም ጥይት አይፈልግም።

ሴፍቲውን ገና አታምኑ። ተራው ይደርሳል።

አትወልውሉ

አዲስ ባለቤት መጀመሪያ የሚያምረው ማጽዳት ነው። ብርጭቆ ወረቀት፣ የብረት ሽቦ፣ ከዚያ ለእንጨቱ ቫርኒሽ። በአንድ ከሰዓት ውስጥ የጠመንጃው መታወቂያ ይጠፋል። የፋብሪካው ማኅተም፣ የፍተሻ ምልክቱ፣ የመለኪያው ቁጥር ሁሉም ብረቱ ላይ በስሱ የተመቱ ናቸው። ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ብቻ ለይቶ የሚበላ መሣሪያ አይደለም።

አሁን የሚፈቀደው በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ነው። ምልክት ያለበት ቦታ በቆሻሻ ከተሞላ ጨርቁን በትንሽ የስፌት መኪና ዘይት አርጥባችሁ ለአንድ ሌሊት ሸፍኑት፣ ጠዋት ጥረጉት። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ ጽሑፉ ጎልቶ እንዲወጣ ባትሪውን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ጥላው ፊደሉን ያሳየዋል። በርሜሉን፣ የቃታውን እጀታ ሥር፣ የበርሜሉን መነሻ፣ ሰደፉን፣ የብረት ታኮውን ሁሉ አንሱ።

ብረቱን ማንበብ

ደብተር አውጡና ሦስት ነገር ለይታችሁ ጻፉ።

አንደኛው ቁጥሩ ነው። በርሜሉ ላይ፣ በርሜሉ በሚገባበት ዋናው አካል ላይ፣ ቃታው ላይ። ሦስቱ አንድ ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። የቃታው ቁጥር ከተለየ ጠመንጃው በሆነ ዘመን የሌላ ጠመንጃ ቃታ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ይሄ የሰብሳቢ ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። ቃታው ሲዘጋ በፊቱና በቀለሁ ቂጥ መካከል የሚቀረው ክፍተት በሚሊ ሜትር ክፋዮች የሚለካ ነው። ክፍተቱ ሲበዛ ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጣል፣ ከቂጡ አካባቢ ይቆረጣል፣ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። የተለያየ ቁጥር ያለው ጠመንጃ ይሄ ክፍተት በትክክለኛው መለኪያ ሳይለካ አይተኮስም። በዓይን አይታይም፤ በግምትም አይሆንም።

ሁለተኛው የፋብሪካው ስምና ከተማው ነው። እኛ አገር የምታገኟቸው የአደን ጠመንጃዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው የማውዘር አሠራር ዘሮች ናቸው። ጀርመን ውስጥ ኦበርንዶርፍ፣ ዙል፣ ቤልጅየም ውስጥ ሊዬዥ አካባቢ የሚገኘው ኤፍ ኤን፤ እነዚህን ስሞች ታገኛላችሁ። አንዳንዱ መጀመሪያውኑ ለአደን የተሠራ ነው። አንዳንዱ የወታደር ጠመንጃ ነበረ፤ በኋላ እንጨቱ አጥሮ በርሜሉ ተቆርጦ «የአደን» የሆነ ነው። የኦስትሪያው ማንሊከር ሾናወር ደግሞ በውበቱ ይለያል። ብዙ ጊዜ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ይደርሳል፣ ካዝናው ውስጥ እየተሽከረከረ ጥይት የሚያቀብል ከበሮ አለው። ከጣልያን ወረራ የተረፈው ካርካኖም በየቤቱ አለ።

ሦስተኛው የፍተሻ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች መሣሪያ ከመሸጡ በፊት ፍተሻ ቤት ከመደበኛው በላይ ጉልበት ባለው ጥይት ይተኩሰውና ካለፈ ማኅተም ይመታበታል። የሊዬዡ ማኅተም በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና ኮከብ ነው። የድሮው የጀርመን በዘውድ ሥር ያለ ፊደል ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ወዲህ ዘውዱ በንስር ተተክቷል። በዘውዱ ወይም በንስሩ ሥር የላቲኑ ኤን ፊደል ካለ ጭስ አልባ በሆነው ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። ይሄን ምልክት ፈልጉት። ጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ብረት የዛሬን ባሩድ አይችልም። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ፣ 11 ሚሊ ሜትሩ፣ ከዚያ ዘመን ነው፤ ግድግዳ ላይ ይከበር።

የጀርመን ጠመንጃ ከሆነ እንጨቱ የሚሸፍነው የበርሜሉ ሆድ ላይ ተጨማሪ ጽሑፍ ይኖራል። የጥይቱ መለኪያ፣ የባሩዱና የእርሳሱ ክብደት በግራም፣ አንዳንዴም የተፈተሸበት ወርና ዓመት። ስለዚህ ለሙሉ ንባብ እንጨቱ መውረድ አለበት። ለዚህ የብሎኑን ጥርስ ልክ የሚሞላ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ከጋራዥ የተዋሳችሁት የተበላ ካቻቢቴ ብሎኑን ያጎርጠዋል፤ የተጎረጠ ብሎን ደግሞ የጠመንጃውን ዋጋም መልክም ያወርዳል። ልኩ ከሌለ የቶርኖ ባለሙያው አንድ ካቻቢቴ በልኩ ይሞርድላችሁ። ጠመንጃውን መውሰድ አያስፈልግም፤ የብሎኑን ጥርስ ስፋትና ውፍረት ለክታችሁ ሂዱ።

ጥይቱ የትኛው ነው?

እዚህ ጋ ቁጭ እንበል። በአሮጌ ጠመንጃ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው እዚህ ነው።

«ምንሽር ነው»፣ «ቤልጅግ ነው» የሚለው አጠራር የጥይት መጠን አይነግርም። «ስምንት ቁጥር»፣ «ስድስት ተኩል» የሚለውም አይነግርም። ስድስት ተኩል የሚባሉትን ብቻ እንይ። የማንሊከር ሾናወሩ 6.5×54 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የበርሜሉ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ቁመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። የካርካኖው 6.5×52። የስዊድኑ ማውዘር 6.5×55። ሦስቱ ቀለሆች ቅርጻቸው ይለያያል፣ አይወራረሱም። የካርካኖው እርሳስ ከሌሎቹ ትንሽ ይወፍራል። «ገባ እኮ» ማስረጃ አይሆንም። ቃታው ስለተዘጋ ብቻ ጥይቱ የእሱ ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን 8×57 ነው፤ ምክንያቱም አንድ ስም የያዙ ሁለት በርሜሎች አሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣችው ጥይት እርሳሱ 8.08 ሚሊ ሜትር ግድም ነበረ። በ1905 ጦሩ ወደ አዲስ፣ 8.20 ሚሊ ሜትር ግድም ወደሆነ እርሳስ ተሻገረ። ልዩነቱ ከአንድ ቅጠል የደብተር ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ቀለሁ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ጥይት አሮጌው ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሲተኮስ ወፍራሙ እርሳስ በጠባቡ በርሜል እንዲጨመቅ ይገደዳል፣ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ይባስ ብሎ የአደን ጠመንጃ ሠሪዎች ጠባቡን በርሜል ከ1905 በኋላም ለዓመታት መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ «የ1920ዎቹ ነው፣ አዲሱ ዓይነት ነው» ማለት አይቻልም። ዛሬ የሚሸጠው የወፍራሙ ጥይት ሳጥኑ ላይ ከ8×57 ቀጥሎ የላቲኑ ኤስ ፊደል ይገኝበታል። በርሜሉ ላይ ኤስ ከሌለ እስኪለካ ድረስ ጠባቡ ነው ብላችሁ ያዙ።

በተቃራኒው ስሙ ተለያይቶ ያው የሆነም አለ። የለንደኑ ሪግቢ «.275» ብሎ የሚመታው ጥይት የማውዘሩ 7×57 ራሱ ነው። በስም ብቻ መፍረድ በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

የበርሜሉን ውስጥ መለካት የሚቻል ሥራ ነው። ቃታው ይወጣል። በርሜሉ በቀጭኑ ዘይት ይቀባል። ከበርሜሉ ቀዳዳ በጥቂቱ የሚወፍር ለስላሳ እርሳስ፣ ዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ የሚያስሩት ዓይነት፣ በላስቲክ መዶሻ አፈሙዙ ላይ በቀስታ ይመታና ይገባል። ከዚያ በናስ ዘንግ እስከ ኋላ ይገፋል። የወጣው እርሳስ በበርሜሉ ውስጥ እየተጠማዘዘ የተቆፈረውን ቦይ በላዩ ቀርጾ ይመጣል። እሱን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ካሊፐር ሳይሆን ማይክሮሜትር ይሁን፤ የምንፈልገው ልዩነት 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። ትይዩ የሆኑት ጉብታዎች ጫፍ ለጫፍ ይለኩ። ማውዘር ቦዩ አራት ስለሆነ ለመለካት አያስቸግርም። የእንግሊዙ ኤንፊልድ አምስት ነው፤ ትይዩ ጉብታ ስለሌለው ልዩ መለኪያ ይፈልጋል።

ይሄ ግን የበርሜሉን ውፍረት ብቻ ነው የሚነግረው። የቀለሁ ቁመትና ቅርጽ የሚታወቀው ጉሮሮው በቶሎ በሚቀልጥ ልዩ ብረት ተሞልቶ ቅርጹ ሲወሰድ ነው። ይሄን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። በባለሙያ ይሠራ። ሁለቱ ልኬቶችና ምልክቱ ሲስማሙ የጥይቱን ስም ደብተሩ ላይ በትልቁ ጻፉት።

ቃታውን ማውጣትና ውስጡን ማየት

በማውዘር ላይ ሴፍቲዋ ከቃታው ጀርባ ያለች ክንፍ ናት። ሦስት ቦታ አላት። ወደ ግራ ስትተኛ ይተኮሳል። ቀጥ ብላ ስትቆም አይተኮስም፣ ቃታው ግን ይከፈታል። ወደ ቀኝ ስትተኛ አይተኮስም፣ ቃታውም ይቆለፋል። ቃታውን ለማውጣት ክንፏን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ቃታውን ክፈቱ፣ በግራ በኩል ያለችውን ማገጃ ወደ ውጭ ስባችሁ ይዛችሁ ቃታውን ወደ ኋላ አውጡ። ጉልበት አይፈልግም። ከፈለገ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

የቃታውን ፊት በማጉያ መነጽር እዩ። ከፊቱ በግራና በቀኝ ሁለት ጉልህ ጆሮዎች አሉት። ሲተኮስ የሚመጣውን ኃይል የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሥራቸው ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ካያችሁ ሥራው እዚህ ያበቃል። ቀለሁን ይዞ የሚያወጣው ረጅሙ ጥፍር ጫፉ ያልተሸረፈ ይሁን። ጥይቱን መትታ የምታስነሳው መርፌ የምትወጣበት ቀዳዳ ዙሪያው ክብ ይሁን፤ በጋዝ የተበላ ከሆነ ታሪክ አለው።

አሁን በርሜሉን ከኋላ በኩል ተመልከቱ። አፈሙዙ ጋ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ባትሪውን ወረቀቱ ላይ አብሩ። ቦዮቹ ጠርዛቸው የሰላ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ዝገት የበላው ነው፤ ትንሽ ከሆነ ጠመንጃው አሁንም በደንብ ሊመታ ይችላል፣ ማጽዳቱ ብቻ ይበዛል። ማየት የማትፈልጉት ክብ ጥላ ነው። ቀለበት የመሰለ ጥቁር ጥላ በርሜሉ እዚያ ላይ አብጧል ማለት ነው። በውጭ በኩል በጣታችሁ ስትዳስሱት አንዳንዴ እብጠቱ ይሰማል። ያበጠ በርሜል አይተኮስም፣ ቶርኖ ቤትም አይቃናም።

ለነገሩ ስለ ቶርኖ ቤት አንድ ልበል። የአዳማ የቶርኖ ባለሙያ የከባድ መኪና ዘንግ ከምንም ተነስቶ ይሠራል። አደንቀዋለሁ። ነገር ግን በርሜል፣ ቃታ፣ ጉሮሮ የሚባል ነገር አያስነካ። ሙያው ይለያል፣ ሕጉም ይለያል። የመሣሪያ ጥገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እሱ መለኪያውን ያንብብልን፣ ይበቃል።

ማጽዳቱ፣ አሁን

መጥረጊያው ሁልጊዜ ከኋላ ገብቶ በአፈሙዙ ይውጣ። የአፈሙዙ ጠርዝ ከተበላ ኢላማው ይበተናል፤ ብዙ አሮጌ ጠመንጃ የተበላሸው በመተኮስ ሳይሆን በአፈሙዝ በኩል በብረት ዘንግ በመፈግፈግ ነው። ብሩሹ የናስ ይሁን። ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን፤ ክሩ አይረግፍም፣ በሳንቲም ይገኛል። የደረቀ ቅባት ካለ ጥቂት ነጭ ጋዝ ያላቅቀዋል፣ ከዚያ በደረቅ አቡጀዲ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ።

ጠመንጃው አሮጌ የወታደር ጥይት ሲተኩስ የኖረ ከሆነ ዘይት ብቻ አይበቃውም። የድሮ ጥይት ካፕሱል፣ መርፌዋ የምትመታው የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለ ማቀጣጠያ፣ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም፣ እርጥበት ይስባል፣ ከሥሩ ይበላል። መፍትሔው የፈላ ውኃ ነው። ቃታው ወጥቶ፣ እንጨቱ ወርዶ፣ ከጉሮሮ በኩል በቀጭን ማንቆርቆሪያ ይፈስሳል። ብረቱ ራሱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያው ደረቅ ጨርቅ፣ ወዲያው ስስ ዘይት።

ዘይት ላይ የአዳማ ሰው ይጠንቀቅ። የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን ጠብታ ብቻ። በጋ ላይ ያ ነፋስ አቧራውን ሲያነሳው ዘይት የበዛበት ቃታ ላይ ይለጠፍና እንደ መሞረጃ ሊጥ ይሆናል። የሐዋሳ ሰው፣ ሐይቁ ዳር ስለሆነ፣ ትንሽ ቢያበዛ ይቅርታ ይደረግለታል። የድሮ ሰዎች ቅቤና የኑግ ዘይት ይቀቡ ነበር። እኛ አንቀባም። የእህል ዘይት ሲቆይ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፣ መርፌዋን ይይዛታል።

የሚገርመው ይሄ የመድረቅ ባሕርይ እንጨት ላይ ሲሆን የምንፈልገው ነው። ለሰደፉ የተልባ ዘይት የሚያክል የለም። በጣት ጫፍ ጥቂት፣ እስኪሞቅ ማሸት፣ ትርፉን መጥረግ፣ ጥቂት ቀን ማቆየት፣ መድገም። ጨርቁን ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊይዝ ይችላል። ገመድ ላይ ዘርግታችሁ ውጭ ይድረቅ።

እንጨቱን ስታሹ ስንጥቅ ፈልጉ። ከቃታው ጀርባ ያለው ቀጭኑ አንገትና በርሜሉ ከእንጨቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ዋነኞቹ ናቸው። የአዳማ ደረቅ አየር እንጨት ያሟሽሻል፤ ብሎኖቹ ላልተው ታገኟቸዋላችሁ። በልኩ አጥብቁ፣ አትጨርሷቸው።

ባዶውን ማንቀሳቀስ

ሁሉም ተመልሶ ሲገጠም፣ ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጡና ሴፍቲውን ፈትኑት። ቃታውን ዝጉ፣ ሴፍቲውን አድርጉ፣ ምላጩን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡና ልቀቁ። አሁን ምላጩን ሳትነኩ ሴፍቲውን አንሱ። መርፌዋ ቀጭ ካለች ሴፍቲው ሞቷል፤ ባለሙያ ሳያየው ጥይት አይቅረበው። ቀጥሎ ሰደፉን ምንጣፍ ላይ መለስ ቀለስ እያደረጋችሁ መታ መታ አድርጉ። በዚህም ከተለቀቀ ያው ነው።

ሁለት ምላጭ ካለው አትደናገጡ። የጀርመንና የኦስትሪያ የአደን ጠመንጃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የኋለኛው ሲሳብ ቀጭ ይልና ፊተኛውን ያቀለዋል። ከዚያ በኋላ ፊተኛው በንክኪ ብቻ ይለቀቃል። ያልለመደ ሰው ጠመንጃው በራሱ የተኮሰ ነው የሚመስለው። ባዶውን ደጋግማችሁ ካልተለማመዳችሁ በስተቀር የኋለኛውን አትንኩት።

ሌላ የማውዘር ጠባይ፦ ጥይት ከካዝና ነው መጉረስ ያለበት። አንድ ጥይት በእጅ ጉሮሮ ውስጥ ጥሎ ቃታውን መግፋት ረጅሙን ጥፍር ያሸርፈዋል፤ የቀለሁን ከንፈር ዘሎ እንዲይዝ አልተሠራም።

የመጀመሪያው ተኩስ

የባለሙያ ፍተሻ አልፎ፣ መተኮስ በሚፈቀድበት ቦታ ብቻ። ከከተማ ወጣ ብሎ ማሳ ላይ «ሁለት ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ የዚህ ዓይነት ጥይት ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል፣ እረኛ ደግሞ በየቦታው አለ።

ከጠመንጃው ጋር የመጣውን የጣሳ ጥይት እርሱት። ዕድሜው አይታወቅም፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንዳንዱ ዘግይቶ ይነሳል፤ ስለዚህ ያልተነሳ ጥይት ሲያጋጥም አፈሙዙን ሳታዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። በፈቃዳችሁ የተገዛ፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ደብተራችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል የሚገጥም አዲስ ጥይት ብቻ ይሁን። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አታቆዩት። የጋለ ባሩድ ግፊቱ ይጨምራል፤ የአዳማን የሚያዝያ ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

የዓይን መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ አድርጋችሁ በ50 ሜትር ጀምሩ። አንድ ተኩሱ፣ ቀለሁን አንሱ፣ እዩት። ካፕሱሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ከተበሳ፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ፣ ቃታው ለመክፈት ከከበደ አቁሙ። ሁለተኛ አይተኮስም፤ ቀለሁን ይዛችሁ ወደ ባለሙያው ትመለሳላችሁ። ንጹሕ ከሆነ ሦስት በመተኮስ የት እንደሚሰበስብ እዩ፣ በርሜሉ ሲበርድ 100 ሜትር ሂዱ። የኋላ ማነጣጠሪያው ላይ ያሉት ታጣፊ ክንፎች 100፣ 200፣ 300 የሚል ካላቸው ለድሮው ጥይት የተስተካከሉ ናቸው፤ የዛሬው ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላል። ሞርዳችሁ አታስተካክሉ፣ ልዩነቱን ጻፉ። ከፍታችን ከ1,600 ሜትር በላይ መሆኑ አንዳንዱን ያሳስበዋል። ስስ አየር እርሳሱን ትንሽ ያቀልለታል፣ በ100 ሜትር ግን አትለዩትም።

ማስቀመጫው

የቆዳው ከረጢት ያምራል፤ ለጉዞ ነው እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። ቆዳ እርጥበትና የማልፊያ ጨው ይይዛል፣ ጠመንጃው ውስጡ ይዝጋል። በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ፣ ቃታው ለብቻው፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ። ቁልፎቹን ልጆች የማያውቁት ቦታ። በየወሩ አውጥታችሁ በዘይት በራሰ አቡጀዲ አንዴ መጥረግ ይበቃል። ላብ ያለበት እጅ የነካው ቦታ ግን በዚያው ቀን ይጠረግ፤ የጣት አሻራ ዝገት ሆኖ ይቀራል።

የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። አደን የሚተዳደረው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለእኛ ቅርብ ነው፣ ግን በፓርክ ውስጥ አደን የለም። የአርሲና የባሌው ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ሰንቀሌ ያለው ቆርኬም በጥበቃ ሥር ነው። አያት ጥለውበት ይሆናል፤ የዚያን ጊዜው ሌላ ነው። ለማደን የምታስቡ ከሆነ የትኛው ቦታ፣ የትኛው እንስሳ፣ በምን ያህል ክፍያ እንደሚፈቀድ የዱር እንስሳት ባለሥልጣኑን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዱ በእጃችሁ ሳይገባ ጠመንጃው ከሣጥኑ አይውጣ።